ባዶ ከሆነ ይዘለል

ዓሣ አልወድም። በዓሣ ምርምር ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ዓሣ አልወድም የምትል ሴት ስታጋጥማችሁ መሳቅ መብታችሁ ነው፤ እኔም በሰው ቤት ሳህኑን ገፋ ሳደርግ ሲስቁብኝ ለምጄዋለሁ። ሥራዬ ግን ዓሣ መብላት አይደለም፣ ማየትም አይደለም። ዓሣ አጥማጆች በደብተር የጻፉትን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ ዓሦች በመስታወት ዕቃ፣ አልኮል ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። እኔ ፎቁ ላይ ነኝ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንገቱ አልዞር ያለ ቬንትሌተርና አንድ መስኮት አለኝ። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ማዶው ግን አይታይም፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ባሕር ነው እንዴ ብሎ ይጠይቀኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሐይቁ ዙሪያ አሥራ አራት ዓሣ አጥማጆች መዝጋቢ ተብለው ተመርጠዋል። ጣቢያው ለእያንዳንዳቸው ደብተር ይሰጣል። ከውሃ ሲመለሱ ቀኑን፣ የጣሉትን መረብ ብዛት፣ የያዙትን ዓሣ ቁጥርና ክብደት ይጽፋሉ። ወር ሲያልቅ የጣቢያው ጀልባ ዞሮ ይሰበስብና ደብተሮቹ ርጥበት እንደጠጡ፣ ቅርፊት እንደተለጠፈባቸው ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራሉ። እኔ አስገባለሁ፣ ኮምፒውተሩ ያካፍላል፣ በአንድ መረብ ስንት ዓሣ እንደተያዘ ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሐይቁ ውስጥ ዓሣ አለ፣ ዝቅ ካለ እየመነመነ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ከዚያ ቁጥር በቀር ሐይቁን የሚያዩበት ሌላ ዓይን የላቸውም።

ከአሥራ አራቱ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ወደቡ ላይ ግን ስሙ ሚዛን ነው። ዓሣ ሲመዝን ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ከዚያም «አሁንም ትንሽ ውሃ አለው» ብሎ ከክብደቱ ላይ የሚቀንስ ሰው ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሀብት ሲከብር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አላየሁም።

ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የጣቢያው የመጀመሪያ ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት የሰጡኝ መመሪያ ነው። ሰባት ተራ ቁጥር አለው። ክብደቱ በኪሎ ይሁን፤ ቀኑ ካልተነበበ መዝጋቢው ይጠየቅ፤ እያለ ይወርድና አራተኛው ላይ «ባዶ ከሆነ ይዘለል» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ጸሎት ደግሜዋለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ እቤቴ መጣ። ጫማውን በር ላይ ሳያራግፍ የማይገባ ሰው ያን ቀን ዝም ብሎ ገባ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ከእኛው መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደቡ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር፤ ገንጥሎት ነው የመጣው።

«እታለም፣ ይሄን አንብቢልኝ።»

«ማንበብ አቃተህ እንዴ?»

«ማንበቡስ አላቃተኝም። ማመኑ ነው።»

አነበብኩለት። በአንድ መረብ የሚያዘው ዓሣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከሰባት ሳይወርድ መቆየቱ በጥናት ስለተረጋገጠ፣ በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ ለአንድ ወር ለመረብ ዝግ ይሆን የነበረው የወንዙ አፍ ከዘንድሮ ጀምሮ ክፍት ይሆናል ይላል።

የወንዙ አፍ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሐይቁ ውስጥ ጢም ያለው ትልቅ ዓሣ አለ፤ አጥማጆቹ ጢሞ ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ጥልቁ ውስጥ ተበታትኖ ይኖርና የመጀመሪያው ዝናብ ወንዙን ሲያደፈርሰው፣ ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። ሌላ ቦታ አይጥልም። ጋሼ ሲናገር፣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ዓሣ አላጠመደም፣ መጪውን ዓመት ነው ያጠመደው ይላል።

«ሰባቱን ከየት አመጣችሁት?» አለኝ።

«ከእናንተው ደብተር ነዋ። እኔ አንድ አልጨምር፣ አንድ አልቀንስ።»

«ባለፈው ወር ሃያ ሁለት ቀን ወጣሁ። አሥራ አምስቱን ቀን አንድ ዓሣ ሳላይ ነው የተመለስኩት። ጽፌልሻለሁ እኮ።»

«ምን ብለህ?»

«ባዶ ብዬ ነዋ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። እጄ እስኪዝል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ባዶ ማለት አልወጣሁም ማለት አይደለም?»

«ካልወጣሁማ ደብተሩን ለምን እከፍተዋለሁ?» አለኝ፤ እንደ ሞኝ እያየኝ። «ስታሠለጥኑን ምንም ካልያዛችሁ ዝም ብላችሁ አትተዉት፣ ባዶ ብላችሁ ጻፉ አላላችሁንም?»

ብለናቸዋል። ያሠለጠኗቸው እኚያው የመጀመሪያው ኃላፊ ናቸው። ታች ላሉት አጥማጆች ባዶ ብላችሁ ጻፉ አሉ፤ ላይ ላለሁት ለእኔ ባዶ ከሆነ ዝለይ አሉ። እሳቸው ለእኔ ያሉት ያልተሞላውን ረድፍ ነበር፤ ለእነሱ ያሉት ያልተሞላውን መረብ። አንድ ሰው፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ቃል። ቃሏ ደግሞ ሁለት ፊደል ናት። ሁለት ፊደል ሐይቅ ትጨርሳለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የደብተሮቹ ሥራ ከዓመት ዓመት እየቀለለኝ ሄዶ ነበር። ድሮ ወር ሙሉ የሚፈጅብኝ ክምር ኋላ በሁለት ሳምንት፣ አምና ደግሞ በስድስት ቀን ማለቅ ጀመረ። ደስ አለኝ። በጊዜ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። አጥማጆቹ ሰንፈዋል ነበር የምለው። እንዲያውም ጋሼን በሰው ፊት «ሚዛን ሆይ፣ ዘንድሮስ ከአልጋ አልወርድ ብለሃል» ብዬ ቀልጄበታለሁ፤ እሱም ስቋል። የዘለልኩት ረድፍ ሁሉ ግን ሰው በብርድ ተነስቶ፣ ቀዝፎ፣ መረብ ስቦ፣ እጁን ይዞ የተመለሰበት ቀን ነበር። ኮምፒውተሩ ጋ የደረሰው የቀናቸው ቀን ብቻ ነው። የቀናቸው ቀን ብቻ ከተቆጠረ ደግሞ ችግረኛ ከየት ይገኛል?

ጋሼ ነገሩ ሲገባው አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማስታወቂያውን መልሶ አጠፈው።

«ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አለ። «የቀረው ጢሞ እዚያች አፍ ላይ የሚሰበሰበው ነው፤ ሌላ የለም። አንቺ የጻፍሽውን አንቺው አርሚውና አፉን አስዘጊልኝ። የዘንድሮውን ብቻ።»

«አስዘጋለሁ» አልኩ። ምን ሥልጣን ኖሮኝ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ዘንድ ወረድኩ። ዶክተሩ ጣቢያው የመጣው ተማሪ ሆኖ ነው፤ ያኔ አንተ እለው ነበር። ተመርቆ ኃላፊያችን ሲሆን እርስዎ አልኩት፤ በልቤ ግን አሁንም አንተ ነው፣ ቅር አይበለው። መለኪያ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓሣ አጋድሞ ሆዱን በመቀስ እየከፈተ ነበር። ስነግረው መቀሱን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እስቲ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለ።

ቀስ ብዬ ነገርኩት። የጋሼን የአምና ደብተር ይዤ ወርጄ ስለነበር እዚያው ሰሌዳው አጠገብ በእርሳስ አሰላነው። ባዶዎቹ እንደ ዜሮ ሲቆጠሩ ሰባቱ ሁለት ሆነ። «ምናልባት አንድ ደብተር ላይ ነው» አለ። ሌላ አመጣሁ፤ ሁለት እንኳ አልሞላም። ሦስተኛው ላይ ምናልባት ማለቱን ተወ።

«የእኔ የዶክትሬት ጽሑፍ...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ቁጥሩን የተየብኩልዎት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ያስባለው ጽሑፍ ርዕሱ የሐይቁ መረጋጋት ነው። ሰውየው መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገ። ጨርቁ ዓሣ የነካ እጅ ያረፈበት ስለነበር ይብስ አደፈረሰው። ከዚያ «ደብተሮቹን እናውርድ» አለ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ደብተሮቹን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያወርደኝ።

መጋዘን ውስጥ የአምስት ዓመት ደብተር ብቻ ተገኘ። ከዚያ በፊት ያለው በደንቡ መሠረት ተወግዷል። ያስወገድኩት እኔ፣ የፈረምኩትም እኔ፤ ቦታ ስለተገኘ ደስ ብሎኝ መደርደሪያውን ቀለም ያስቀባሁትም እኔ። ያለውን ይዘን ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። እሱ ያነባል፣ እኔ አስገባለሁ። «ባዶ» ሲል ዜሮ እመታለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ከዚያች ቃል ሌላ ከአፉ አልወጣም። ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ሁሉ ትሰማኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መስመሩ ወጣ፤ ከአምስት ተነስቶ፣ አራት፣ ሦስት፣ ከሦስት በታች እያለ ወርዶ አምና ሁለት ሳይሞላ ቀርቷል። ዶክተሩ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ከጀርባው ሐይቁን እያየ ቆመ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዶክተሩ እውነተኛ ሰው ስለሆነ መጎርጎሩን አላቆመም። ለአሥራ አራቱም መዝጋቢዎች ልደውልና ባዶ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከአፋቸው ልስማ አለ። ተዉት አልኩት፤ አልሰማኝም። ሁለቱ ሞተዋል። ጋሼን ጨምሮ ዘጠኙ ወጥተን ካጣን ብቻ ነው የምንጽፈው አሉ። የቀሩት ሦስቱ ግን ሌላ ነገር አመጡ። አንደኛው ሳቅ እያለ «ጌታዬ፣ ወጥቼ ካጣሁም ባዶ እላለሁ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ከቀረሁም ባዶ እላለሁ። ሁለቱም ቀን እቤት የሚገባው ያው ነው» አለው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ። እውነቱን ነው።

ዝናቡ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዶክተሩና እኔ ወረቀታችንን ታቅፈን በአውቶቡስ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድን። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥን በኋላ ዋና ኃላፊው ራሳቸው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስረግም ነበር የመጣሁት፤ ሰውየው ግን ሻይ አዘዙልን፣ ወንበር ሳቡልኝ፣ ደከመሽ አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት ደስ ባለኝ። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

ዶክተሩ አስረዳ። ኃላፊው እያንዳንዱን ቁጥር በእስክሪብቶአቸው ጫፍ እየነኩ አዳመጡ። ከዚያ «መዝጋቢዎቹ ሁሉ ባዶ ሲሉ አጣን ማለታቸው ነው?» ብለው ጠየቁ።

እግሬን በጠረጴዛው ሥር ዘርግቼ የዶክተሩን ጫማ ረገጥኩ።

«ሁሉም አይደሉም» አለ ዶክተሩ። «ሦስቱ ላልወጡበት ቀንም ይጽፉታል። ሁለቱን መጠየቅ አልቻልንም፣ በሕይወት የሉም።»

«እንግዲያው የትኛው ባዶ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «በእርግጠኝነት አናውቅም» አለ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «የወንድሜን አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ዓሣው ላይ የቀረውን ውሃ የሚቀንስ ሰው ነው። ያልወጣበትን ቀን ወጣሁ ብሎ አይጽፍም። ሌላውን ሁሉ ተዉት፣ ለአንድ ወር ብቻ አፉን ይዝጉልን። ተሳስተን ቢሆን ምን ይጎዳል? ልክ ሆነን ባይዘጋ ግን የሚመለስ ነገር የለም።»

ኃላፊው እስክሪብቶአቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። የገባቸው ይመስለኛል። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

«እኔ ብቻዬን ብዘጋው እወድ ነበር» አሉ። «ግን የከፈተው ኮሚቴው ነው፤ እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ኮሚቴው በዓመት ሁለቴ ነው የሚሰበሰበው። ቀጣዩ ዝናቡ ሲያበቃ ነው። ደግሞ የተዘጋ ዓመት መረጃ ለእርማት የሚከፈተው ዋናው ሰነድ ሙሉ ሲሆን ነው፤ የእናንተ ግማሹ ተወግዷል። እኔ የምችለውን ዛሬውኑ አደርጋለሁ። አይዞሽ እህቴ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እውነቱስ ይደር» አልኳቸው። «ዓሣው ነው የማያድረው።»

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። የወንዙን አፍ ይዘጋሉ ብዬ ሄድኩ፣ የእኔን ዘግተው ሰደዱኝ። በአውቶቡስ ስንመለስ ዶክተሩ ከጎኔ ተቀመጠ። መሃል መንገድ ላይ «እትዬ፣ ብዋሽ ኖሮ ይዘጉት ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አሁንም አላውቅም።

የምችለውን ዛሬውኑ አደርጋለሁ ያሉት እንዳሉት ሆነ። በአራተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን። ከእንግዲህ መዝጋቢዎች ምንም ካልያዙ «0» ብለው እንዲጽፉ፣ ካልወጡ ረድፉን ሳይነኩት እንዲተዉት፣ ባዶ የሚለው ቃል ከደብተር እንዲቀር ያዛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደብዳቤውን ለጋሼ ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ስለ አፉስ ምን ይላል?» አለ።

«ስለ አፉ አይልም።»



ዝናቡ በቀኑ ገባ። ዶክተሩ የዓሦቹን ዕንቁላል ለመመርመር ናሙና ሊወስድ ሲሄድ እኔም ጀልባው ላይ ወጣሁ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ነው። የወንዙ አፍ ውሃው ቀልቶ ወፍሯል። ከዳር እስከ ዳር መረብ በመረብ ላይ ተዘርግቶ፣ ተንሳፋፊዎቹ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ሰባት ስምንት ቦታ ተደርድረዋል። ከሐይቁ ሁሉ ማዕዘን የመጣ ጀልባ አለ። ሰው ይጠራራል፣ ይስቃል። ከብዙ ዓመት ወዲህ የቀናቸው ቀን ነበር።

በሦስተኛው ገመድ ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረባቸው ተንሳፋፊዎች አየሁ። ያንን ጨርቅ የቀደድኩለት እኔ ነኝ፤ የድሮ አንሶላዬ ነው። ጋሼ ጀልባው ውስጥ ጎንበስ ብሎ መረብ ይስባል። ሲያየን ቀና አላለም።

ጀልባችን ተጠጋች። «አንተም?» አልኩት።

«እኔ ብተወው ቦታው ክፍት የሚቀር መስሎሽ ነው?» አለ። «ከጎኔ ያለው ይዘረጋበታል። ሁለት ቀን ዳር ቆሜ አየሁ፣ እታለም። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ልጆቼ አዩኝ።»

«አፉን አስዘጊልኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። አስዘጋሽው?»

ዶክተሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር። ጋሼ አንድ ጢሞ አንስቶ ሚዛኑ ላይ ሰቀለው። ሆዱ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ቢጫ ዕንቁላል ያንጠባጥባል። ጋሼ እንደ ልማዱ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ዕንቁላሉም አብሮ ተንጠፈጠፈ። ከዚያ ደብተሩን ከላስቲክ ከረጢቱ አውጥቶ ጻፈ። ያን ቀን አርባ ስምንት ያዘ፣ በማግሥቱ ስልሳ አንድ፣ በሦስተኛው ቀን ሃያ ሦስት፣ በአራተኛው አምስት። አምስተኛው ቀን ላይ ክብ፣ ሥርዓት ያለው ዜሮ አለ። ዶክተሩ የወሰዳቸውን ናሙናዎች ምድር ቤት አንድ በአንድ ከፈታቸው። ሴቶቹ ሁሉ ዕንቁላላቸውን ይዘው ነበር፤ አንዷም አልጣለችም።

እኔ ቁጥሩን አስገባሁ። ዜሮውንም አስገባሁ፣ አንድ አልዘለልኩም። የዚያ ወር ውጤት በአንድ መረብ አሥራ ዘጠኝ ወጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አይተን አናውቅም። ስሕተት የለበትም፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዋና ኃላፊው ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ሰውየው አዝነውልን ከርመዋል።

«አየሽ እህቴ፣ እያደር ጠራ አይደል?» አሉኝ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ያ ዓሣ ከሐይቁ ሁሉ ተጠርቶ የመጣ የመጨረሻው ነው፣ አንድ ቦታ ስለተሰበሰበ ነው የበዛው አልኳቸው። አዳመጡኝ። ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ አሉ፣ አቀረቡትም። ዝናቡ ሲያበቃ ኮሚቴው ተሰብስቦ የዓመቱን አማካይ ተመለከተ። አሥራ ዘጠኙ ተደምሮበት አማካዩ ከአምናው በልጦ ተገኘ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት እንዲታይ ተወሰነ። ዶክተሩ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ የዶክትሬት ጽሑፉን ከመደርደሪያው አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ የጋሼ ደብተር በየወሩ መጣ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ። ዜሮዎቹ ያምሩ ነበር፤ ከላይ ጀምሮ ዞሮ እዚያው የሚገጥም፣ ክፍተት የሌለው። ማንም እንዳይሳሳትባቸው ብሎ እንደሚጠነቀቅ አውቃለሁ። እያንዳንዱን ስመታ ቁጥሩ ሲወርድ አያለሁ። ሐይቁ በመስኮቴ እንደ ወትሮው ይታያል። ከላይ ሲታይ አንድም የጎደለው ነገር የለም።

በስምንተኛው ወር ደብተሩ ከጀልባው ጋር አልመጣም። ጋሼ ራሱ ይዞት ደረጃውን ወጣ። ክፍሌ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ጫማውን በር ላይ አራገፈ፣ ልብሱ ንጹሕ ነበር፣ ዓሣ ዓሣ አይሸትም።

ደብተሩን ከፈትኩት። ወሩ ሙሉ ምንም አልተጻፈበትም፤ ቀን እንኳ የለውም።

«ታመህ ነበር?» አልኩት።

«አልወጣሁም። ጀልባዋን ገልብጬ አስቀመጥኳት። መጋዘን ጥበቃ ገብቻለሁ፣ ከልጄ ጓደኛ አባት ጋ። ደህና ነው፣ ወንበር አለው።»

«ታዲያ ደብተሩን ለምን አመጣኸው?»

«የመንግሥት ዕቃ ነዋ» አለ፤ ሌላ ምክንያት ያስፈልግ ይመስል እያየኝ።

ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ተጠግቶ መመሪያውን ከላይ ጀምሮ አነበበው፤ ጣቱን እያስከተለ፣ እንደ ልጅ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመች።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

ይረግመኛል ወይም ወረቀቱን ይቀድደዋል ብዬ ጠበቅኩ። ይቅርታ አድርግልኝ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ይቅርታው የእሱ ብቻ አልመሰለኝም፣ ከማን እንደምጠይቅ አላወቅኩም።

«ታዲያ እንደምትለው አድርጊዋ» አለ፣ ወደ በሩ እየሄደ። «የአሁኑ እንኳ እውነተኛ ባዶ ነው።»

ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት፤ እግሩ የቀለለው ይመስላል። ደብተሩን መለስ አድርጌ ከፈትኩ። ሠላሳ ረድፍ ነበር። የሚዘለል ነው፣ ዘለልኩት።